ፎርማት ሳይደረግ የዳነ ላፕቶፕ፦ የአንድ የማይሰራ የዊንዶውስ ላይሰንስ የጉዳይ ጥናት

ታላቅ እህቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት። የበርካታ ትናንሽ ድርጅቶችን መዝገብ የምትይዘው በአንድ ላፕቶፕ ነው። የደወለችልኝ ወር የምትዘጋበት ሳምንት ላይ ነበር። ከስክሪኑ በታች፣ በቀኝ ጥግ፣ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ወጥቶባት አልለቅ ብሏታል። ከዚያ በፊት ለተወሰኑ ቀናት «ላይሰንስዎ ሊያልቅ ነው» የሚል መስኮት እየመጣ ሥራዋን ሲያቋርጥባት ነበር፣ እሷም እየዘጋችው ታልፋለች። ላፕቶፑን ወደሸጠላት ሰው ስትወስደው መልሱ አጭር ሆነ፦ «ፎርማት ይደረግ፣ ግማሽ ቀን ነው።»

ግማሽ ቀን የሚለውን ስሰማ ተናደድኩ። ዊንዶውስን መጫን በእርግጥ ግማሽ ቀን ላይፈጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውንስ ማን ይቆጥረዋል? የሒሳብ ፕሮግራሟ በተወሰኑ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ የሚከፈት ነው፣ የተፈቀደላትን ቁጥር ደግሞ ጨርሳለች። ደረሰኝ የምታትምበት አሮጌ ፕሪንተር ድራይቨሩ የመጣበት ሲዲ የት እንደገባ አይታወቅም። የዓመታት ኢሜይሏ የተቀመጠው እዚያው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ይሄ ሁሉ ወደነበረበት እስኪመለስ ሳምንት ይወስዳል፣ ያውም ከተመለሰ።

«ምንም አትንኪ፣ ማታ እመጣለሁ» አልኳት።

«ዳታው ይጠፋ ይሆን?»

«አይጠፋም። ላይሰንሱና ፋይሎችሽ አይተዋወቁም።»

ይቺን ነገር መጀመሪያ ላስረዳ፣ ሰው ወደ ፎርማት የሚሮጠው እሷን ስለማያውቅ ነውና። የዊንዶውስ ላይሰንስ ማለት በሲስተሙ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ መረጃ ነው። ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ቁልፍ አለ፣ ቁልፉ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚመሰክር መዝገብ አለ፣ በቃ። ፕሮግራሞችህ፣ ሰነዶችህ፣ ፎቶዎችህ ሌላ ቦታ ናቸው። ላይሰንሱ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ አይቆለፍም። ጽሑፉ ይወጣል፣ የስክሪን ጀርባና ቀለም የሚቀየርበት ሴቲንግ ይዘጋል፣ ሥራው ግን ይቀጥላል። ስለዚህ ጊዜ አለህ። መጥፎ ውሳኔ የሚወሰነው ጊዜ የለም ተብሎ ሲታሰብ ነው።

ማታ ሄጄ መጀመሪያ ያደረግኩት ማየት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ስለ ላይሰንስ የሚጠየቅ «ኤስ ኤል ኤም ጂ አር» የሚባል ትንሽ ትእዛዝ አለ፣ ብዙ ዓመት የቆየ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ በአስተዳዳሪነት ከፍተህ ትጽፈዋለህ፣ ከኋላው በስላሽ የምትጨምረው ምን እንደምትፈልግ ይነግረዋል። «ዲ ኤል አይ» ካልከው አጠር ያለ መረጃ ያወጣል። «ዲ ኤል ቪ» ካልከው ዝርዝሩን ያመጣል። «ኤክስ ፒ አር» ካልከው ላይሰንሱ መቼ እንደሚያልቅ ወይም ቋሚ እንደሆነ ይነግርሃል። ሦስቱም ምንም አይለውጡም፣ ያሳያሉ እንጂ። ማንኛውንም ነገር ከመንካት በፊት የሦስቱንም ውጤት ፎቶ አንሱት። እኔ በስልኬ አነሳሁት፣ በኋላም ሁለት ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ።

የወጣው እንዲህ ነው። እትሙ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ነው። የላይሰንሱ ዓይነት ደግሞ «ቮልዩም፣ ኬ ኤም ኤስ ክላየንት» ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች መስመር ላይ ነው።

ኬ ኤም ኤስ ማለት ብዙ ኮምፒውተር ያላቸው ተቋማት የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። ተቋሙ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ አንድ ሰርቨር ያቆማል፣ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ላይሰንሳቸውን ከዚያ ሰርቨር ይወስዳሉ። ሰርቨሩ ለሠራተኞች ኮምፒውተር ላይሰንስ መስጠት የሚጀምረው ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት ነው። የሚሰጠውም ለ180 ቀን ነው፣ ኮምፒውተሩ በየ7 ቀኑ ለማደስ ይሞክራል። እንግዲህ አንድ ግለሰብ በእጁ ይዞ የሚዞረው ላፕቶፕ ላይ ይሄ ምን ይሠራል? የእህቴ ቢሮ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ከየትኛው ሰርቨር ነው ሲታደስ የኖረው?

መልሱ ዝርዝሩ ላይ ነበር። የሰርቨሩ አድራሻ በሚለው ቦታ 127.0.0.2 ተጽፏል፣ ፖርት 1688። በ127 የሚጀምር አድራሻ ሁሉ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ማለትም ላፕቶፑ ላይሰንስ ሲለምን የኖረው ራሱን ነው። ውስጡ የተቋም ሰርቨር መስሎ የሚመልስ ክራክ፣ ሰዎች አክቲቬተር የሚሉት፣ ተጭኖበት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አሁን ቆመ? እህቴን ጠየቅኳት፣ ከወራት በፊት ምን የተለየ ነገር አድርገሻል ብዬ። አስባ አስባ አስታወሰች። ስድስት ወር ገደማ ይሆነዋል፣ የሙከራ አንቲቫይረስ ጭና ነበር። አደገኛ ነገር አገኘሁ አላት፣ እሷም «አስወግድ» የሚለውን ተጫነች፣ በኋላ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ አንቲቫይረሱን አጠፋችው። ስድስት ወር፣ 180 ቀን። አንቲቫይረሱ ክራኩን ነቅሎታል፣ ላይሰንሱ ግን የተሰጠውን ቀን እስኪጨርስ መኖሩን ቀጥሏል። ችግሩ የተፈጠረው ያኔ ነው፣ የታየው ዛሬ ነው። «ትናንት ምንም አልነካሁም» የምትለው ለካ እውነቷን ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ነገረችኝ። አንድ ባልደረባዋ ከኢንተርኔት በርካሽ የተገዛ ቁልፍ ልኮላት ሞክራዋለች፣ አልሠራም። የስህተቱን ኮድ ጽፋ ይዛዋለች፣ በሲ020 የሚያልቅ። (ኮድ ጽፎ የሚይዝ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ «ኤረር አለኝ» ብሎ ከሚደውል ሰው ጋር ሰማይና ምድር ናቸው።) ያ ኮድ ግልጽ ነው። ቁልፉ ለአንድ ድርጅት ለተወሰነ ብዛት የተሰጠ ነው፣ ብዛቱም አልቋል። በርካሽ የሚሸጡ ቁልፎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፣ የአንድ ተቋም ቁልፍ ለመቶ ሰው ይቸረቸራል። ገና ቦታ ካለው ይሠራል፣ ከሞላ በሲ020 ይመለሳል፣ ማይክሮሶፍት ካገደው ደግሞ በሲ003 ይመለሳል። ባልደረባዋ ክፉ አስቦ አይደለም፣ እሱም ገንዘቡን የተበላ ነው።

ቀጥሎ የፈለግኩት የላፕቶፑን የራሱን ላይሰንስ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እባካችሁ እወቁት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 ጀምሮ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚሸጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ ተጽፎ ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ሃርድ ዲስኩን ብትቀይርም እዚያው አለ። ድሮ «ደብልዩ ኤም አይ ሲ» በሚባል ትእዛዝ እናነበው ነበር፣ አዲሶቹ ዊንዶውስ 11 ላይ ግን ትእዛዙ ላይገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ፓወርሼል በሚባለው ሌላ የትእዛዝ መስኮት በኩል ነው የጠየቅኩት። ቁልፉ ወጣ! እህቴ ደስ አላት። እኔ ግን ከሥሩ ያለውን መግለጫ አየሁት፦ «ኮር» ይላል። ኮር ማለት ሆም እትም ነው።

ስለዚህ ታሪኩ ይሄ ነው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ሕጋዊ ዊንዶውስ ሆም ነበረው። በመሃል ያለ አንድ ሰው ያን አጥፍቶ ፕሮ ጫነበት፣ በክራክ ከፈተው፣ ሸጠላት። እውነተኛ ላይሰንስ ያለውን ዕቃ በሐሰተኛ ለውጦ። እህቴ ለዚህ ከፍላለች፣ በሥራዋም ላይ ይህን ሁሉ ወር የማታውቀውን አደጋ ተሸክማለች። ይሄ እስካሁን ያበሳጨኛል።

የሆም ቁልፍ ፕሮ ላይ አይገባም። ሰዎች በዚህ ነጥብ ላይ ነው የሚወድቁት። ከሆም ወደ ፕሮ መውጣት ቀላል ነው፣ ቁልፍ ታስገባለህ፣ ፋይልም ፕሮግራምም ሳይነካ እትሙ ይቀየራል። ከፕሮ ወደ ሆም መውረድ ግን እንዲህ አይሆንም፣ ሕጋዊው መንገድ እንደ አዲስ መጫን ነው። ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን በሚይዝበት መዝገብ፣ የእትሙን ስም ቀይሮ ሲስተሙን የማታለል ዘዴ አለ፣ የሠራላቸው ሰዎችም አሉ። ትርፍ ኮምፒውተር ቢሆን ልሞክረው እችል ነበር። የሰው መዝገብ የሚያዝበት ማሽን ላይ ግን፣ ቢበላሽ ማንም ኃላፊነት የማይወስድበትን መንገድ አልሄድም።

ለእህቴ ሁለቱን ምርጫ ነገርኳት። አንደኛው በነፃ ወደ ሆም መመለስ፣ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ መጫን። ሁለተኛው እውነተኛ የፕሮ ቁልፍ መግዛት፣ ያለው ሁሉ ባለበት ይቀጥላል። «ፕሮግራሜ ከጠፋ ከቁልፉ በላይ ነው የምከፍለው» አለች። እውነቷን ነው። በማግስቱ የታወቀ ሻጭ ጋር ሄዳ የሪቴይል ቁልፍ፣ ማለትም ለብቻው ለገዢ የሚሸጠውን፣ ገዛች። ሪቴይል መሆኑን አጥብቄ የነገርኳት በምክንያት ነው። የሪቴይል ላይሰንስ ላፕቶፑ ቢሞት ወደ ሌላ ይዛወራል፣ ከፋብሪካ የመጣው ግን ከማዘርቦርዱ ጋር ነው የሚቀበረው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። ከባዱ ቁልፍ መቀየሩ አይደለም።

ክራክ የነበረበትን ኮምፒውተር ማመን ይቻላል ወይ? ስለ ደህንነት የሚጨነቅ ሰው ብትጠይቀው «አይቻልም፣ ጠርገህ ጫን» ይልሃል፣ ምክንያትም አለው። አክቲቬተሮች በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው የሚሮጡት፣ ብዙዎቹም ከመጫናቸው በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ ይሉሃል። በዚያ ደቂቃ ሌላ ምን አብሮ እንደገባ አታውቅም። እኔ ለራሴ ያወጣሁት መስፈርት ይሄ ነው፦ ከክራኩ ውጪ ሌላ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ካገኘሁ፣ በተለይ ፓስወርድ የሚሰርቅ ዓይነት፣ ጭቅጭቅ የለም፣ ይጠረጋል። ዊንዶውሱ ራሱ አንድ ሰው ከውስጡ ቆራርጦ ያዘጋጀው ኮፒ ከሆነም ይጠረጋል። ክራኩ ብቻ ከተገኘና ሲስተሙን በንጹሕ ፋይል መተካት ከቻልኩ አድነዋለሁ። ይህንንም ለእህቴ አስቀድሜ ነገርኳት፣ በኋላ «ጠርገህ ታጠፋብኛለህ እንዴ» እንዳትለኝ።

ስለዚህ ባክአፕ መጀመሪያ። የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ምስል በውጫዊ ዲስክ ያዝኩ፣ ከዚያ ለብቻው የሒሳቡን ዳታና ኢሜይሉን ደግሜ ኮፒ አደረግኩ፣ ኮፒው እንደሚከፈትም ሌላ ኮምፒውተር ላይ አየሁት። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በዚህ ዓይነት ሥራ መሃል ድንገት ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ከዚያ ፍለጋ። ታስክ ስኬጁለር ውስጥ፣ ዊንዶውስ በቀጠሮ የሚያስነሳቸው ሥራዎች በሚመዘገቡበት፣ በየቀኑ የሚነሳ አንድ ሥራ አገኘሁ፣ የሚጠራው ፋይል ግን የለም። አንቲቫይረሱ ፋይሉን ነቅሎ ቀጠሮውን ትቶታል። አጠፋሁት። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር፣ ውስጥ ገብቼ «አትፈትሽ» የተባሉትን ዝርዝር ስከፍት አንድ ሙሉ ፎልደር ተመዝግቦ አገኘሁ። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። ክራኩ ከሄደ በኋላም በሩ ክፍት ነበር፣ ማንኛውም ቫይረስ እዚያ ፎልደር ውስጥ ቢቀመጥ ዲፌንደር አያየውም ነበር። ያንንም አጠፋሁ። ኮምፒውተሩ የኢንተርኔት አድራሻ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየውን «ሆስትስ» የሚባል ፋይል ስከፍት ደግሞ የማይክሮሶፍት አድራሻዎች ወደ ባዶ እንዲሄዱ የሚያደርጉ መስመሮች ተጨምረውበታል፣ ላይሰንሱ እንዳይረጋገጥ። እነሱን ሳታጠፋ እውነተኛ ቁልፍ ብታስገባም ሰርቨሩ ጋር አይደርስም፣ ኢንተርኔት እየሠራ «ግንኙነት የለም» ይልሃል፣ አንተም የገዛኸውን ቁልፍ ትጠረጥራለህ።

ዲፌንደር ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚፈትሽበት ኦፍላይን ስካን አለው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ነው የሚወስደው። አስኬድኩት። ከዚያ ሙሉውን ስካን ሌሊቱን ሙሉ አሳደርኩት። ጠዋት የተገኘው የክራኩ ቅሪት ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ የባንክና የኢሜይል ፓስወርዶቿን ከስልኳ ላይ ሁሉንም እንድትቀይር አደረግኩ።

ላይሰንሱን መቀየር ከዚህ ሁሉ በኋላ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያው ትእዛዝ ነው፣ መጨረሻው ብቻ ይለያያል። በ«ሲ ኬ ኤም ኤስ» የሐሰተኛውን ሰርቨር አድራሻ አጠፋሁ። በ«ዩ ፒ ኬ» የድሮውን ቁልፍ ነቀልኩ። በ«ሲ ፒ ኬ ዋይ» ደግሞ ሬጂስትሪ ውስጥ የቀረውን የቁልፍ ቅጂ ጠረግኩ። ሪስታርት። በ«አይ ፒ ኬ» አዲሱን ቁልፍ አስገባሁ፣ በ«ኤ ቲ ኦ» በኢንተርኔት እንዲረጋገጥ ጠየቅኩ። ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሴቲንግ ውስጥ፣ ሲስተም ከሚለው ሥር አክቲቬሽን የሚለው ጋር ገብቶ «የምርት ቁልፍ ቀይር» በማለት መጨረስ ይችላል። የድሮውን መንቀልና አድራሻውን ማጥፋት ግን በትእዛዝ ነው።

ሰዓቱንም ተመልከቱት። ላፕቶፑ ቀኑ ከተሳሳተ አክቲቬሽኑ ይከሽፋል፣ ምክንያቱንም በግልጽ አይነግራችሁም። የእሷ ትክክል ነበር።

«ዲ ኤል አይ» ስል አሁን «ሪቴይል» ይላል። «ኤክስ ፒ አር» ስል «ማሽኑ በቋሚነት አክቲቬት ተደርጓል» አለኝ። ላይሰንሱን ከማይክሮሶፍት አካውንቷ ጋር አያያዝኩት፣ ማዘርቦርድ ቢቀየር በዚያ በኩል ለመመለስ እንዲቀል።

የቀረኝ የሲስተሙን ፋይሎች በንጹሕ መተካት ነው። ብዙ ሰው ይሄ አማራጭ መኖሩን ባለማወቅ ነው ፎርማት የሚያደርገው። ከማይክሮሶፍት የወረደ ዊንዶውስ 11 አይ ኤስ ኦ ፋይል (ሙሉው የመጫኛ ዲስክ በአንድ ፋይል)፣ በተመሳሳይ ቋንቋና እትም፣ ዊንዶውሱ ክፍት እያለ ከውስጥ ከፍተህ ሴታፑን ታስነሳለህ። «ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን አቆይ» የሚል ምርጫ ይሰጥሃል። ያ ምርጫ ደብዝዞ አልነካ ካለ አቁም፣ ቋንቋው ወይም እትሙ አልገጠመም ማለት ነው፣ ወደፊት አትቀጥል። የእኛ ገጠመ። አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ሲጨርስ ሲስተሙ አዲስ ነው፣ ፕሮግራሞቹ ባሉበት ናቸው። ሐሳብህን ከቀየርክ ለ10 ቀን ወደ ቀድሞው የመመለስ ዕድልም ይተውልሃል።

በነገራችን ላይ ይሄ ጭንቀት አዲስ አይደለም። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ ለድርጅቶች የተሰጠ አንድ ቁልፍ ሾልኮ ዓለምን አዳርሶ ነበር፣ በ2002 የወጣው ትልቅ ማሻሻያ፣ ሰርቪስ ፓክ 1፣ ያንን ቁልፍ አልቀበልም አለ። ያኔም ስንቱ ሰው ኮምፒውተሩን ጠረገ። በኋላ ማይክሮሶፍት ራሱ፣ ሳይጫን ቁልፉ ብቻ የሚቀየርበት ትንሽ ፕሮግራም ለኤክስፒ አውጥቶ ነበር። ቁልፍ መቀየርና ሲስተም መጫን ሁለት ነገር መሆናቸው ያኔም ይታወቃል።

እህቴ ጠዋት መጥታ የሒሳብ ፕሮግራሙን ከፈተች። ቁልፍ አልጠየቃትም። አንድ ደረሰኝ ወደ አሮጌው ፕሪንተር ላከች፣ ያው እንደወትሮው እያንቋረረ አተመላት። ወሩንም በቀኑ ዘጋች።

እኔ ስልኬ ላይ ከዚያ ቀን ተነስቼ 181 ቀን ቆጥሬ ማስታወሻ አስቀመጥኩ። ቀኑ ሲደርስ ቤቷ ሄጄ «ኤክስ ፒ አር» ብዬ ጠየቅኩት። «በቋሚነት» አለ። እሷ ማስታወሻው መኖሩንም ረስታዋለች፣ «ምን ፈልገህ ነው ላፕቶፔን የከፈትከው?» አለችኝ።